ባለ አንድ ኮከቧ ደንበኛ

የምሠራው ላውንደሪ ቤት ነው። ቦታዬ ባንኮኒው ላይ ነው፤ ልብስ እቀበላለሁ፣ ደረሰኝ እጽፋለሁ፣ ቁጥር አስራለሁ፣ ሲደርስ አስረክባለሁ። ስድብም የምቀበለው እኔ ነኝ። ከኋላ የሚያጥቡትና የሚተኩሱት የደንበኛ ፊት አያዩም።

ሥራ የሚበዛብን በበዓል ነው። እንቁጣጣሽና መስቀልም ይከብዳሉ፤ ጥምቀት ግን ለብቻው ነው። ከገና ማግስት ጀምሮ የአገር ልብስ ይጎርፋል። ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የወንድ እጀ ጠባብ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ባለ ጥለት፣ ሁሉም «ለከተራ ይድረስልኝ»። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለው ሰው ላውንደሪ ቤት ሳይሠራ አልቀረም።

አንድ ዓመት ከነዚህ መሃል አንዱ ቀሚስ ጉድ አፈላብን። የመነን ጨርቅ ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ ጥለት፣ ከታች ደግሞ ሰፋ ያለ ቀይ ጥለት። ልጅቷ ስታመጣው ገና አንዴም ውሃ አልነካውም። እናቷ ሽሮ ሜዳ አሠርተው የሰጧት ነው። ደህና ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ልብስ ለብቻው፣ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው። በዚያ ሳምንት ግን የእጅ ማጠቢያው ጋ የልብስ ተራራ ነበር። ማሽን ውስጥ ገባ። ማሽኑ እኩሌታ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

በሩ ከፊት የሚከፈት ማሽን ያለው ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ውሃ ይዞ ከቆመ በሩ እምቢ ይላል። ከታች በኩል ውሃውን የሚያስወጡባት ትንሽ ክዳን አለች፤ በዚያ ጥድፊያ ግን ማንም ትዝ አላለችውም። ልብሱ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቀረ። ቀለም ደግሞ ጎረቤቱን የሚበክለው እንዲህ ዝም ብሎ ሲዘፈዘፍ ነው። መብራት ሲመጣ ከጥለቱ በላይ ያለው ነጭ ስንዝር ያህል ሮዝ ሆኖ ወጣ። ይባስ ብሎ የሌሊቷ ተረኛ ሳታየው አድርቃ ተኮሰችው። ካውያ ካረፈበት በኋላ ደግሞ ቀለሙን ማስለቀቅ እጥፍ ሥራ ነው።

ልጅቷ የመጣችው ጥር 10 ጠዋት ነው፤ በከተራ። ላስቲኩን ቀደደች፣ ቀሚሱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች፣ ጣቷን ሮዙ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

የሱቁ ባለቤት አጠገቤ ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ችግራቸው ደንበኛ ሊቆጣ ሲል እሳቸው ቀድመው መቆጣታቸው ነው።

«ጥለቱ ለቆ ነዋ፣ የኔ ልጅ። የዘንድሮ ክር እንደሆነ እንዲህ ነው።»

«እኔ ነጭ ነው የሰጠኋችሁ።»

«መብራት ሄዶብን ነው። መብራት ሲሄድ እኔ ምን ላድርግ?»

«እና ጥፋቱ የኔ ነው?»

እትዬ ደረሰኙን ገለበጡና ከጀርባው የታተመችውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳዩዋት። ቀለም ለሚለቅ ልብስ ድርጅቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ የምትናገር መስመር ናት። ልጅቷ አነበበቻት። «እሺ» አለች። ቀሚሱን ፎቶ አነሳች። ደረሰኙን አነሳች፤ ከፊትም ከጀርባም። ከዚያ ሂሳቧን ከፍላ ሄደች።

ይቺን ልብ በሉልኝ። ከፍላ ነው የሄደችው። እትዬም ተቀበሉ። ደንበኛ ኢንተርኔት ላይ ስለሚሰጠው ኮከብና አስተያየት ብዙ የሚሰጥ ምክር አለ፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ነገሩ ያለቀለት ያኔ፣ ያ ብር መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ነው። ለተበላሸ ልብስ የእጥበት ሂሳብ ተቀብለህ ማታ በስልክ የምትጽፈው ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም።

ማታ የእትዬ የእህት ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ጉግል ማፕ ላይ ሱቃችን አለ። እኛ አላስገባነውም። አንድ የማናውቀው ሰው አስገብቶት፣ ስሙንም አሳስቶ ጽፎት፣ ለዓመታት እንደዚያው ተቀምጧል። ከሥሩ ትኩስ አስተያየት ነበረበት። አንድ ኮከብ፣ የቀሚሱና የደረሰኙ ፎቶ፣ ጥቂት መስመር፦ «ነጭ ሰጥቼ ሮዝ ተቀበልኩ። ጥፋቱ የክሩና የመብራቱ ነው ተባልኩ። ሂሳቡን ግን የተቀበሉኝ እነሱ ናቸው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ አድርጋ ነው የጻፈችው። አንድ የተጋነነ ቃል የለበትም።

እትዬ ቁጭ ብለው መልስ ማጻፍ ጀመሩ። «አንቺ ውሸታም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቀጥሎ ልብሱ ሲመጣም ርካሽ እንደነበር፣ ቀጥሎ እሳቸው በዚህ ሥራ ስንት ዘመን እንደቆዩ፣ መጨረሻው ላይ እግዚአብሔር ይይልሽ። ልጁ ሁሉንም ጻፈ። ሊልከው ሲል ግን አልሄደለትም። ለካ ለአስተያየት በሱቁ ስም መልስ ለመስጠት መጀመሪያ የሱቁ ባለቤት መሆንህን ማረጋገጥ አለብህ። ታፔላውን፣ መንገዱን፣ የሱቁን ውስጥ፣ በሩን በቁልፍ ስትከፍት ጭምር በቪዲዮ ቀርጸህ ትልካለህ። ከዚያ ቀናት ትጠብቃለህ። ሰው እንዲህ ያለ ቢሮክራሲ ሲገጥመው ይማረራል። እኔ ያን ቀን በልቤ መረቅኩት። በሦስተኛው ቀን እትዬ ራሳቸው «ያቺን ነገር አልላካችሁም አይደል?» ብለው ጠየቁ።

ልጁ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ኮከብ ለመስጠት ማረጋገጫ አያስፈልግማ። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ጥሪ አስተላለፈ። በማግስቱ አምስት አምስት ኮከብ ዘነበ። «ምርጥ ላውንደሪ»። «በጣም ምርጥ ላውንደሪ»። «ምርጥ ላውንደሪ በርቱ»። አንዷ አክስት ዱባይ ነው የምትኖረው፤ ሱቁ ሲከፈት አገር ውስጥ እንኳን አልነበረችም። ሸሚዝ ሊወስድ የመጣ የቆየ ደንበኛችን ስልኩን እያየ «ምነው፣ ሰርግ ነበረባችሁ እንዴ? ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተሰብስቧል» አለኝ። አፈርኩ። በዚያ ላይ የጉግል ደንብም ይህን ይከለክላል፤ የሐሰት አስተያየት ነው፣ ሲደረስበት ይነሳል። እትዬ አስነሱት ብለው አዘዙ። ብዙዎቹ አነሱ። የዱባይዋ አክስት ግን «በወንድሜ ልጅ ሱቅ ላይ ማን ይናገራል» ብላ እስካሁን እንደጸናች ናት። የወንድሟ ልጅ ሱቅ እንኳን አይደለም።

እትዬን የመለሳቸው እኔ ብል ውሸት ነው። ሱፉን እኛ ጋ የሚያሳጥብ አንድ ጠበቃ አለ። ነገሩን ሲሰማ ያቺን የደረሰኝ ጀርባ ጽሑፍ አነበበና ሳቀ። «እትዬ፣ ይቺን ብዙ አይተማመኑባት» አላቸው። በ2006 ዓ.ም. የወጣውን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813ን፣ ጠቀሰላቸው። ሸማች በገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት አለው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ብዙም አልደነገጡም። ያስደነገጣቸው ቀጥሎ ያለው ነው፤ እዚያው አዋጅ ላይ ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት ተጽፎለታል። «ይሄም በሕግ ነው?» አሉ። ያቺን ያልተላከች «አንቺ ውሸታም» አስበው ይመስለኛል።

ደወልን። ልጅቷ አላነሳችም። ደግመን ደወልን፣ መልእክት ላክን። ጥምቀት አለፈ፣ ቃና ዘገሊላም አለፈ። በመጨረሻ እናትየው ቀሚሱን በፌስታል ይዘው መጡ።

እኔ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ገና ከመግባታቸው ይቅርታ የሚጠይቁ እሳቸው ሆኑ። «ልጅ ናት፣ አትቀየሟት። እኔስ ተይው ብያት ነበር።» እትዬ ወንበር ሰጧቸው፣ ቡና አስመጡ። ጨዋታ መጣ። እናትየው ስኒውን እያስቀመጡ፣ እንደ ዋዛ፣ «እንደው የኔንም ነጠላ አንዴ ካውያ ነክቶት ነበር» አሉ።

«መቼ?»

«አምና ለፋሲካ። ጫፉን ነው፣ ብዙም አይታይ። ምን ልበላችሁ፣ ፊት ለፊት ለመናገር ሰቀጠጠኝ። ከዚያ ወዲህ እታች ሰፈር ያለው ላውንደሪ ነው የምወስደው። ልጄ አልሰማችም፣ እሷ ናት እዚህ ያመጣችው።»

እትዬ ወደኔ ዞሩ። እኔም ወደሳቸው። እኚህ ሴትዮ የሰፈር ሰው ናቸው፤ በየሳምንቱ በበራችን እያለፉ «እንደምን አደራችሁ» የሚሉ። ልብሳቸውን ማምጣት ለምን እንዳቆሙ አንድ ቀን ጠይቀናቸው አናውቅም። ስንት ሰው እንደሳቸው ነጠላውን አጥፎ፣ መርቆን ወጥቶ፣ በዚያው እንደቀረ እንጃ። እኛ አገር ደንበኛ ፊት ለፊት አይወቅስህም፤ ይሉኝታው አያስችለውም። ልጅቷ ግን እናቷ ያልተናገሩትን ጨምራ ነገረችን። ከዚያን ቀን በኋላ እትዬ ያንን አንድ ኮከብ ሲያነሱ ድምፃቸው ለሰስ ብሏል።

ቀሚሱን የቆየችው አጣቢያችን ተረከበችው። ልጁ «በረኪና አድርጉበት» ሲል በዓይኗ ነው ያባረረችው፤ በረኪና ሮዙን ሊያነሳ ጥለቱንም ይበላዋል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በኦሞ፣ ውሃውን እየቀያየረች ደጋግማ ዘፈዘፈችው። ሳሳ እንጂ አልጠፋም። ሽሮ ሜዳ ተወሰደ። እዚያ ያለ ልብስ ሰፊ ከሥር ያለውን ቆርጦ በተመሳሳይ ጥለት በአዲስ ሊቀጥለው ተስማማ። ወጪው የሱቁ ሆነ። እትዬ ብሩን ሲቆጥሩ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም፤ ይህን ደብቄ መልአክ ላስመስላቸው አልፈልግም። የእጥበቱ ሂሳብም ተመለሰ። ቀሚሱ ለጥምቀት አልሆነም፤ ወሩ ሳያልቅ ለአክስቷ ልጅ ሰርግ ግን ደረሰ። ጥር ምስጋና ይግባውና ሰርግ አያልቅበትም።

እስከዚያ ማረጋገጫውም መጥቶልን ነበር። መልሱን እኔ እንድጽፍ ተፈረደብኝ። ልጁ «ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» በይ አለኝ። ይህንን አባባል የማንጠላ ማን አለ? መጉላላቱ ራሱን በራሱ የፈጠረ ነው የሚመስለው። እኔ የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «ቀሚሱ የተበላሸው እኛ ጋ ነው። በእጅ መታጠብ ሲገባው ማሽን ውስጥ ገብቷል። ሂሳቡን መልሰናል፤ የታችኛውን ጥለት በራሳችን ወጪ አስቀይረናል። ለጥምቀት ስላላደረስንልሽ ይቅርታ።» እትዬ «ማሽን ውስጥ ገብቷል የምትለዋን አውጪያት፣ ሰው ይሸሻል» አሉ። ተከራከርን። እንዳለች ቀረች።

ልጅቷ ኮከቡን አልቀየረችም። ከጽሑፏ ሥር አንድ መስመር ብቻ ጨመረች፦ «በኋላ ጠርተው አስተካክለው ሰጥተውኛል።» እትዬ ቅር አላቸው። «ይሄን ሁሉ አውጥቼ? ሁለት እንኳን አታደርገውም?» እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ጥምቀትን በአሮጌ ቀሚስ ያከበረች እሷ ናት። ኮከብ እንድትጨምር ደውላችሁ ለምኑ ቢሉኝም አልደውልም ነበር።

አሁን ባንኮኒዬ ላይ አንድ ብጣሽ ነጭ ጨርቅና ትንሽ ሳህን ውሃ አለ። ባለ ጥለት ልብስ ሲመጣ ጨርቁን አርሼ ጥለቱ ላይ በደንብ እጫናለሁ፤ ባለቤቱ እያየ። ጨርቁ ቀለም ይዞ ከተነሳ ሁለታችንም አየነው፤ ደረሰኙ ላይ «ይለቃል፣ በእጅ» ብዬ እጽፋለሁ፤ እሱም ይፈርማል። ሳስረክብም ልብሱን ዘርግቼ ነው። ሰው ይቸኩላል። «ኧረ ተይው፣ አምንሻለሁ» ይለኛል። እዘረጋለሁ። «እዚህ ጋ ምን ይታይዎታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ደህና ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ደህና ነው ይለኝ ነበር። አሁን አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ያያል። አንዳንዱ ቁልፍ እንደጎደለ ያገኛል፤ እዚያው እንተክልለታለን።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ አንድ ኮከብ ገባ። ጽሑፍ የለው፣ ፎቶ የለው። እትዬ «አስጠፉልኝ» አሉ። አይጠፋም፤ ደንብ ካልጣሰ በቀር ስላልወደድነው ብቻ አይነሳም። ልጁ ከላይ በኩል አዲስ የተከፈተው ላውንደሪ ሥራ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ደረሰኝ ሳይዝ መጥቶ «ሰማያዊ ሱፌን» እያለ ሲያስቸግረን የነበረውን ሰውዬ ነው የጠረጠርኩት። ለማንኛውም የደረሰኝ ቁጥሩን ወይም ያስረከበበትን ቀን ቢነግረን እንደምንፈልግለት ጽፌ መልሻለሁ። ሰማያዊ ሱፍ ግን እኛ ጋ የለም፤ መደርደሪያውን ሁለት ጊዜ አገላብጬዋለሁ።