ባሮሜትሩ 835 ቢያሳይ አልተበላሸም

አዳማ ውስጥ ሆናችሁ የስልካችሁን የአየር ግፊት መለኪያ ብትከፍቱ ከ830 እስከ 840 ሄክቶፓስካል ገደማ ታነባላችሁ። የአየር ሁኔታ መተግበሪያው ደግሞ ለዚያው ሰፈር፣ በዚያው ሰዓት 1015 ሊል ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። መተግበሪያው ቁጥሩን ወደ ባሕር ወለል አውርዶ ያሰላል፤ ስልኩ የለካው ግን በራሱ ላይ ያለውን አየር ብቻ ነው። ከተማዋ ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች ከከባቢ አየሩ ክብደት 18 በመቶ የሚጠጋው ከበታቻችን ቀርቷል። በዚህ ከፍታ 10 ሜትር ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር 1 ሄክቶፓስካል ያህል ይቀንሳል፤ ፎቅ ላይ ወጥቶ መሞከር ይቻላል።

ሌላው የሚያሳስተው «ግፊት ከወረደ ዝናብ ቀረበ» የሚለው ደንብ ነው። ይህ ከምድር ወገብ ለራቁ አገሮች የወጣ ነው። እኛ ጋ ግፊቱ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፦ ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ፣ ሌሊትና ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ። ልዩነቱ ጥቂት ሄክቶፓስካል ነው፤ ግን ደመና የሚያመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ይሸፈናል። ለማነጻጸር የዛሬ 10 ሰዓትን ከትናንት 10 ሰዓት ጋር እንጂ ከዛሬ ጠዋት ጋር አታስተያዩ።

የከባቢ አየር ንብርብሮች ሥዕልም እንዲሁ ማስተካከያ ይሻል። ትምህርት ቤት ትሮፖስፌር፣ ማለትም ታችኛው ንብርብር፣ 11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል ተብሎ ይሰጣል። ያ አማካይ ነው። ዋልታዎች አካባቢ ወደ 8 ይወርዳል፤ በእኛ ሰማይ ግን 16 እና 17 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ምክንያቱም ሞቃትና እርጥብ አየር እዚህ ከፍ ብሎ ይነሳል። ጫፉ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 75 ዲግሪና ከዚያም በላይ ነው፤ ዋልታ ላይ ካለው የትሮፖስፌር ጫፍ ይልቅ የሚቀዘቅዘው የእኛው ነው። ስለዚህ 11 ኪሎ ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን አዳማ አናት ላይ ገና ትሮፖስፌር ውስጥ ነው። የክረምት ነጎድጓዳማ ደመና 15 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ፓይለቱ ዞሮ ያልፈዋል እንጂ በላዩ አይሻገርም። ከዚያ በላይ ስትራቶስፌር እስከ 50 ኪሎ ሜትር፣ ኦዞን ጨረር ስለሚውጥ እየሞቀ ይሄዳል፤ ሜዞስፌር እስከ 85፣ ተወርዋሪ ኮከብ የሚነድበት፤ ቴርሞስፌር ከዚያ በኋላ። ለነፋሳችን ጉዳይ ታችኛው ይበቃናል።

በዓለም የነፋስ ካርታ ላይ አዳማ 8.5 ዲግሪ ሰሜን ነች፤ የሃድሊ ዑደት፣ ማለትም ምድር ወገብ አካባቢ ሞቆ የወጣ አየር ርቆ ሄዶ ወርዶ ተመልሶ የሚመጣበት ዙር፣ መሀል ማለት ነው። ምድር በመሽከርከሯ ነፋስን የምታጣምምበት የኮሪዮሊስ ኃይል እዚህ በ45 ዲግሪ ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም መልክዐ ምድር ትልቅ ድርሻ አለው። በበጋ ከዓረቢያ ከፍተኛ ግፊት የሚነሳው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ስምጥ ሸለቆውም ወደዚያው አቅጣጫ ስለተዘረጋ ያሳልፈዋል፣ ያፈጥነዋል። በክረምት የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት መገናኛ ቀጠና ከአዳማ በስተ ሰሜን ስለሚወጣ ከደቡብ ምዕራብ እርጥብ አየር ይገባል። ግን ቀና ብላችሁ እዩ፦ የነጎድጓዱ ደመና አናት ወደ ምዕራብ ተጎትቶ ታገኙታላችሁ። 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከሕንድ ወገን የሚነፍስ ኃይለኛ የምሥራቅ ነፋስ ስላለ ነው። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት አቅጣጫ መሆኑን የሚዘነጉ እዚህ ላይ ይምታታባቸዋል። መተግበሪያው 45 ዲግሪ ሲል ከሰሜን ምሥራቅ መጣ ማለት ነው፤ ቀስቱ ግን ብዙ ጊዜ ወደሚሄድበት ያመለክታል።

ከከተማዋ አጠገብ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች፣ 34ቱ የአዳማ አንድ እና 102ቱ የአዳማ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ናቸው። የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት በባሕር ወለል 1.225 ኪሎ ግራም ሲሆን እዚህ ወደ 1.0 ይወርዳል፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ነፋሱ የሚይዘው ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል። ማካካሻው ፍጥነት ነው፤ ኃይሉ በፍጥነቱ ኩብ ያድጋልና። በተለመደው ስሌት 10 ሜትር ከፍታ ላይ በሰከንድ 6 ሜትር የሆነ ነፋስ 70 ሜትር ላይ 8 ሊጠጋ ይችላል፤ ኃይሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ስሌቱ ለሜዳ እንጂ ለኮረብታ ጫፍ አይሠራም። ኮረብታ ላይ ነፋሱ ገና ከመሬቱ አጠገብ ስለሚፈጥን ወደ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ለቤቱ ትንሽ ተርባይን ያሰበ ሰው የነፋስ መለኪያውን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ባያስር ይሻላል። ሕንፃ ነፋሱን እስከ ቁመቱ ሁለት እጥፍ ከፍታ፣ ከጀርባው ደግሞ እስከ 20 እጥፍ ርቀት ያውከዋል። 6 ሜትር ቁመት ላለው ቤት ይህ 12 ሜትር ከፍታና 120 ሜትር ርቀት ነው። በጋ ብቻ ለክቶ መግዛትም አያዋጣም፤ በክረምት የነፋሱ አቅጣጫ ሲገለበጥ የጎረቤት ፎቅ ድንገት ከፊት ይቆማል። ዓመት ሙሉ ለኩ።