ጋጋኖዎች በቀበና፣ ጥንብ አንሳዎች በቄራ

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ያመጣኝ የቤተሰብ ጉዳይ ቶሎ ስላለቀ፣ የቀረኝን ጊዜ በየሰፈሩ የሚኖሩትን አእዋፍ በማየት ለማሳለፍ ወሰንኩ። ያረፍኩት ከቀበና ወንዝ ብዙም በማይርቅ ፔንሲዮን ሲሆን፣ ሌሊቱን የውሾች ጩኸት፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ የውኃ መሳቢያ ሞተር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ለዚያች ጠባብ ክፍል 1,200 ብር መክፈሌም አናዶኛል።

ሊነጋጋ ሲል ግን ጋጋኖዎች ከማደሪያ ዛፎቻቸው ተነሥተው እየተንጫጩ በጣሪያው ላይ አለፉና ንዴቴ በረደ። ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኝ ወፍ ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች እርሱን ለማየት ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ፤ እዚህ ግን በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በየሣሩ ላይ ያለ ስጋት ይውላል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከርቀት ቆሜ ሳይ ያስተዋሉኝ አዛውንት ዘበኛ፣ «ልጄ፣ ቀረብ በል፤ ሰው ለምደዋል፣ አይሸሹም» ብለው ከጽዱ ሥር አስቀመጡኝ። አንዱ ወደ ታች የቆለመመ ረጅም መንቆሩን በእርጥቡ አፈር ውስጥ እየሰካ ትል ሲያወጣ፣ ከጉሮሮው የተንጠለጠለችው ቀጭን ሥጋ ስትወዛወዝ ሳይቀር አየሁ። «ዝናብ በጣለ ማግስት ብትመጣ ሜዳው አይበቃቸውም» አሉኝ አባባ። ከዚያ ወዲህ ግቢያቸውን ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ያለበሱ አዳዲስ ሕንፃዎች ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ መንቆር የሚገባበት አፈር ካልተረፈ ጋጋኖ ምን ይበላል?

ወደ ቄራ ሰፈር የወሰደኝ የላዳ ሹፌር እንግዳነቴን አይቶ 600 ብር አስከፈለኝ። በየጣሪያው የሰፈሩት ጥንብ አንሳዎች ግን ወጪውን አስረሱኝ። ፊታቸው ላባ የለውም፤ ሥጋ ሲሻሙ ሐመር የነበረው ቆዳቸው ደም ይመስላል። ይህ ትንሹ ጥንብ አንሳ በመላው አፍሪካ በመርዝና በአደን ቁጥሩ እጅግ ስላሽቆለቆለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡት ዝርያዎች ተመድቧል። በእኛ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጁ አባ ኮዳ ለሚባለው ትልቅ ወፍ የዓሣ አንጀት ይወረውርለታል፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ቄራ ግን ቀና ብሎ የሚያይ አላጋጠመኝም፤ ይህም ቅር አሰኘኝ።

እንጦጦ የወጣሁት በመጨረሻው ቀን ነው። ከባሕር ዛፉ ጥግ አንድ ትልቅ ቁራ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ወፍራም መንቆሩን ግራና ቀኝ እያወናጨፈ የፈረስ ፋንድያ ይበትንና ከውስጡ የጥንዚዛ እጭ ይለቅም ነበር። የከሰዓቱን የሐዋሳ ቲኬት ቆርጬ ባይሆን ኖሮ እስኪመሽ እዚያው በቆየሁ ነበር።