የፓይለቶች የጡረታ ዕድሜ ሲቀየር ውላችን የት የት ላይ እንደሚሰበር እንዴት እንደፈተሽኩ

በአሜሪካ መደበኛ አየር መንገድ ላይ የሚሠራ ፓይለት 65 ዓመት ከሞላው ቀን ጀምሮ መሪ አይጨብጥም። ዕድሜውን 67 የሚያደርግ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2023 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ፣ በፌብሩዋሪ 2024 በሴኔቱ የንግድ ኮሚቴ 14 ለ13 በሆነ ድምፅ ወደቀ። በሜይ 2024 የወጣው ሕግም 65ን አልነካም። ክርክሩ ሲካሄድ በፓይለቶች ማኅበራችን የኮንትራት ኮሚቴ ውስጥ የእኔ ሥራ ድጋፍ ወይም ተቃውሞ አልነበረም። የተሰጠኝ ጥያቄ «ቁጥሩ ቢቀየር በኅብረት ስምምነታችን ውስጥ የትኛው አንቀጽ ማንን ይጎዳል?» የሚል ነበር። የሠራሁበትን መንገድ እጽፋለሁ፤ ጉዳዩ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርምና። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የጀመርኩት ከሕጉ ነው። ማጠቃለያዎችን ትቼ የፓይለቶችን ዕድሜ የሚወስነውን የፌዴራል ሕግ ክፍል 44729ን ራሱን አነበብኩ። ከ1960 ጀምሮ የቆየውን የ60 ዓመት ገደብ ወደ 65 ያነሣው ዲሴምበር 13 ቀን 2007 የተፈረመው ሕግ እዚያ ነው ያለው፤ በጥቂት ገጾች ያልቃል። ሁለት ነገሮች ለማኅበር ተወካይ ከሁሉም ይበልጣሉ። አንደኛው፣ ሕጉ ወደ ኋላ አይሠራም። ዲሴምበር 12 ቀን 60 የሞላው ፓይለት ወጣ፤ ዲሴምበር 14 የሞላው ተጨማሪ 5 ዓመት አገኘ። የወጣው መመለስ ቢፈልግ እንደ አዲስ ተቀጣሪ፣ የቀድሞ ሲኒዮሪቲው (በአገልግሎት ዘመን የሚገኝ ተራው) ሳይቆጠርለት ነው የሚገባው። ሕጉ በተፈረመበት ቀን በዚያው አየር መንገድ የበረራ ክፍሉ አስገዳጅ ሠራተኛ ሆኖ ሲያገለግል የነበረ ብቻ ከዚህ ነጻ ነው፤ ለምሳሌ ከ60 በኋላ በበረራ መሐንዲስነት የቀጠለ። ይህን መስመር የተቃወሙ ፓይለቶች ፍርድ ቤት ሄደው አልተሳካላቸውም። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ረቂቅ ሲመጣ መጀመሪያ የምፈልገው ቁጥሩን ሳይሆን የሚጸናበትን ቀንና የሽግግር አንቀጹን ነው።

ሁለተኛው፣ ሕጉን ለማስማማት በኅብረት ስምምነቱ ወይም በጥቅማ ጥቅም ዕቅዱ ላይ የሚደረግ ማሻሻያ በአየር መንገዱና በተመረጠው ወኪል ስምምነት መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ኩባንያው ብቻውን ማስታወቂያ ለጥፎ አንቀጽ መቀየር አይችልም ማለት ነው። የማኅበር ትልቁ ጉልበት ያለው እዚህ ነው፤ ግን ዝርዝሩን አስቀድሞ ላላዘጋጀ ማኅበር አይጠቅምም። በባቡርና አየር መንገድ የሥራ ሕግ መሠረት የእኛ ውል ጊዜው ሲደርስ አያበቃም፤ «ለማሻሻያ ክፍት ይሆናል» እንጂ እስኪቀየር ድረስ ይጸናል። አንድ መጥፎ ቃል ዛሬ ካለፈ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ከዚያ ውሉን ማበጠር። በኮምፒውተር «60»ን፣ «65»ን፣ «መደበኛ የጡረታ ዕድሜ»ን ፈለግኩ፤ በአኃዝም በፊደልም፣ ምክንያቱም «ስልሳ አምስት» ተብሎ የተጻፈው በአኃዝ ፍለጋ አይገኝም። ዋናውን ውል ብቻ ሳይሆን የጎን ደብዳቤዎቹን (ከውሉ ጋር የሚያያዙ ተጨማሪ ስምምነቶችን)፣ የጡረታ ዕቅዱን ሰነድና የኢንሹራንስ መጽሐፉን ጭምር። አስቸጋሪዎቹ ብዙውን ጊዜ በጎን ደብዳቤ ውስጥ የተደበቁት ናቸው። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ጻፍኩ፦ የአንቀጹ ቁጥር፣ አሁን ያለው ቃል፣ የሚነካው ሰው፣ የሚተካው ቃል። የመጀመሪያው ሐሳብ ሁልጊዜ «በፌዴራል ሕግ የተወሰነው ዕድሜ» ብሎ መተካት ነው። ለአብዛኛው አንቀጽ ይሠራል፤ ለሁሉም አይሠራም።

የረጅም ጊዜ የአካል ጉዳት ክፍያን እንውሰድ። «65 እስኪሞላ ይከፈላል» የሚል ከሆነና ሕጉ 67 ቢል፣ በ64 ዓመቱ የሕክምና ሰርተፍኬቱን ያጣ ካፒቴን ጤነኛው ባልደረባው ገና እየበረረ ሳለ ክፍያው ይቆማል። ቃሉን ወደ ፌዴራሉ ዕድሜ ብታዞሩት ክፍተቱ ይዘጋል፤ ግን ኩባንያው የ2 ዓመት ተጨማሪ ወጪ ነው ብሎ በምላሹ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ስለዚህ ወጪው ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጣችን በፊት መታወቅ አለበት። የጤና ኢንሹራንስም እንዲሁ፦ ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) በ65 ይጀምራል፤ ነገር ግን 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት በሥራ ላይ ላለ ሰው ቀዳሚ ከፋዩ የአሠሪው ኢንሹራንስ ነው። ውሉ «እስከ ሜዲኬር» ብቻ ብሎ ከቆመ ለ66 ዓመቱ ፓይለት ማን እንደሚከፍል ያከራክራል።

የሲኒዮሪቲ ዝርዝሩን በኤክሴል ሠራሁት፤ ተራ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ ቤዝ (ፓይለቱ በረራ የሚጀምርበት ከተማ)፣ የአውሮፕላን ዓይነት፣ መቀመጫ። የጡረታ ቀኑን የምታወጡት በ«ኢዴት» (EDATE) ቀመር ነው፤ በልደት ቀኑ ላይ ለ65 ዓመት 780 ወር፣ ለ67 ዓመት 804 ወር ጨምሩ። 365ን በ65 አባዝቶ መደመር የጳጉሜ ስድስተኛን የሚመስሉትን የፌብሩዋሪ 29 ቀኖች ስለሚጥል መውጫውን ወደ ሁለት ሳምንት ያፋልሰዋል፤ ሰውየው በተሳሳተ የቢድ ወር (ፓይለቶች በረራ የሚመርጡበት ወር) ውስጥ ይገባል። ሌላው የሚያሳስት ሁሉም እስከ መጨረሻው ቀን ይቆያል ብሎ መገመት ነው። ከ40 በላይ ያለ ፓይለት የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ምርመራውን በየ6 ወሩ ያልፋል፤ ልቡም በዓመት አንዴ በኢሲጂ ይታያል። በዚያ የሚቀሩ አሉ። በሕመም ፈቃድ ላይ ያሉትም በዝርዝሩ ላይ ይታያሉ እንጂ ወንበር አልያዙም። ስለዚህ ስሌቱን በአንድ ግምት ሳይሆን በሦስት ሠራሁት፦ ሁሉም ሲቆይ፣ ግማሹ ሲቆይ፣ ጥቂቱ ብቻ ሲቆይ።

ትልቁ ችግር የዓለም አቀፍ በረራ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አይካኦ በ2006 ገደቡን 65 ሲያደርግ፣ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ከ60 በላይ የሆነ ካፒቴን ከ60 በታች ከሆነ ፓይለት ጋር እንዲጣመር አዘዘ። ይህ ግዴታ በ2014 ተነሣ። እስከዚያ ግን ስኬጁል የሚሠራው ክፍል በየምድቡ ልደት መፈተሽ ነበረበት፤ በመነሻው ምድብ ትክክል የነበረው ጥንድ በትሬድ (ፓይለቶች በረራ ሲለዋወጡ) ወይም በተጠባባቂ ሲቀየር ሊበላሽ ይችላል። አሜሪካ ብቻዋን 67 ብትል የአይካኦ 65 ባለበት ስለሚቆይ፣ የቦይንግ 787 ካፒቴን 65 ሲሞላው ውቅያኖስ ማቋረጡን ትቶ ወደ አገር ውስጥ 737 ይወርዳል። ሲኒዮሪቲ ስላለው ጀማሪውን የ737 ካፒቴን ያፈናቅላል፤ ያ ሰው ወደ ረዳት ወንበር ይወርዳል፤ የ787ቱንም ቦታ ሌላ ሰው ሠልጥኖ ይይዘዋል። አንድ ልደት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሥልጠና ይወልዳል፤ የማሠልጠኛው ሲሙሌተር ደግሞ ውስን ነው። በእኔ እምነት ስለ 67 ሲወራ በቂ ትኩረት ያላገኘው ይህ ነው።

ውክልናውን በተመለከተ፣ አባላቱ አንድ ዓይነት ጥቅም የላቸውም። ዕድሜ ሲጨመር ሽማግሌው ካፒቴን ደሞዝ ያገኛል፤ ወጣቱ ረዳት የማደጊያ ዓመቶቹ ይገፋሉ። ዩኤስ ኤርዌይስ በ2003፣ ዩናይትድ በ2005፣ ዴልታ በ2006 በኪሳራ ወቅት የፓይለቶቻቸው የጡረታ ፈንድ ሲዘጋ በ60 መውጣት የማይቻላቸው በዙ። የፓይለቶች ማኅበሩ አልፓም ለረጅም ጊዜ የደገፈውን የ60 ገደብ በሜይ 2007 ተወ። ማኅበር ከሁለቱ ወገን አንዱን የሚጎዳ ምርጫ ማድረግ ይችላል፤ ሕጉ የሚከለክለው በዘፈቀደ፣ በአድልዎ ወይም በክፉ ልብ መወሰንን ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1991 ውሳኔ ይህንኑ አጽንቷል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱን አማራጭ፣ የሦስቱን ግምት ውጤትና የተወሰነበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤ አስፈርን። ወጣቶቹም ሽማግሌዎቹም ሰንጠረዡን ከድምፁ በፊት አዩት።

ለአባሉ ደግሞ የቀን ጉዳይ አለ። አየር መንገድ ላይ በበረራ አስተናጋጅነት፣ በመካኒክነት ወይም በራምፕ (በአውሮፕላን ማቆሚያው ላይ) በማኅበር ሥር የምትሠሩ ወገኖቼም በዚሁ የባቡርና አየር መንገድ የሥራ ሕግ ሥር ናችሁ። ውሉ ተጣሰ ስትሉ ቅሬታው መጀመሪያ በውሉ ሥርዓት ያልፋል፤ ካልተፈታ ወደ ሲስተም ቦርድ (የውል ክርክሮችን ወደሚዳኘው ቦርድ) ይሄዳል። የማቅረቢያው ጊዜ በየውሉ ይለያያል፤ አጭር ነው። ማኅበሩ ራሱ በትክክል አልወከለኝም ለሚል ክስ በተለምዶ ያላችሁ 6 ወር ነው። ደብዳቤው ላይ የአንቀጹን ቁጥር፣ ኩባንያው ያሳወቀበትን ቀን፣ ያጣችሁትን ነገርና እንዲመለስ የምትፈልጉትን ጻፉ፤ የደረሳችሁን ማስታወቂያ ኮፒ አያይዙ፤ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ እንዲፈርምበት አድርጉ።