ዐውደ ምሕረቱን ከካህናቱ የተዋስን ጊዜ

ይህን የምጽፈው እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻን ለማስቆም ዛሬም ካህናትን ይዘው የሚነሡ እህቶች አሉ። ተውት አልልም። እኔ የሳትኩትን ግን አትሳቱ።

የሠራሁት ጎጃም ውስጥ አንድ ወረዳ ነው። ሕግ አልጎደለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 7 ዓመት እንዲታሰር ይላል። ይህን በየቀበሌው አነበብን። ሰው አዳመጠ። ጥር ሲገባ ድንኳኑን ተከለ። ፖሊስ ሲመጣ «የማኅበር ድግስ ነው» ተባለ።

ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እዚያ አገር ቤተሰብ ሁሉ የነፍስ አባት አለው። ዳኛ ፊት የሚዋሽ አባወራ የነፍስ አባቱን መዋሸት ይከብደዋል። እሳቸው «አልባርክም» ካሉ ሰርጉ ይቆማል።

ደብዳቤ፣ ፈቃድ፣ የ2 ቀን ሥልጠና፣ አበል፤ በ3 ሳምንት አለቀ። ካህናቱ ፈረሙ። ወረቀቱ የሚለው «ከ18 ዓመት በታች ባለች ልጅ ሰርግ ላይ አንገኝም» ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ድንግል አግብቶ ነው። ልጅቷ 18 እስኪሞላት እንዲህ ሆና ለመቆየቷ ማን ዋስ ይሆናል?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የነገሩ ሥር እሱ ነበር፤ ብዙ የዲያቆን ወላጆች ሕፃን ልጅ የሚያጩት በዚህ ፍርሃት ነው። አጠገቤ የተቀመጠው የሥራ ኃላፊዬ «እለፊው፣ ፊርማው ይቀርብናል» ብሎ አንሾካሾከ። እኔም «አባቴ፣ በሻይ ሰዓት እናወራበታለን» አልኩ። አላወራንበትም።

ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ግቢው በነጠላ ነጭ ሆኗል። ሞንታርቦው ወይራ ዛፍ ላይ ታስሯል። ሰባኪው «ሴት ልጃችሁን አትዳሩ፣ አስተምሩ» ሲሉ ዕልልታው ቀለጠ። እንባዬ መጣ። ቀጥለው ግን «ድንግልናዋን ጠብቃ ትማር፤ ያጣችማ ለወላጆቿም ሸክም ናት» አሉ። ዕልልታው አልቀነሰም። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። ለምን እንዳጨበጨብኩ እስካሁን ለራሴ መልስ አልሰጠሁም።

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተደፈረች። የቤቱ የነፍስ አባት ከፈራሚዎቹ አንዱ ናቸው። ሽማግሌ ሆነው ገቡና ልጅቷ ለዚያው ሰውዬ እንድትሰጥ መከሩ፤ ስሟ እንዲሸፈን። ድሮ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን ሰርዞታል። እኛ ወረዳ ግን በሽምግልና ተመልሶ መጣ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ስጠይቃቸው በየዋህነት «ልጄ፣ የፈረምኩት ሰርግ ላይ ላልገኝ ነው። ሰርግ የለም፤ እንዲሁ ነው የምትሄደው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወረቀቴ የሚለው ያንን ብቻ ነበር።

ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። «አሁን ካህናቱን ብናስቀይም የዓመቱ ሥራ ገደል ይገባል፤ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ታገሺ» አለኝ። ታገሥኩ። 9 ቀን። በ10ኛው ቀን ከአክስቷ ጋር ሆነን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ባለሙያዋ «ለምን ቆያችሁ?» አለችን። አክስቷ መሬት መሬት አየች። እኔም። ጋብቻው ቀረ፤ ክሱ ግን በማስረጃ እጦት ተዘጋ። ሰውዬው ገበያ ላይ ሰላም ይለኛል። ኃላፊውን አልማርኩትም። ራሴንም።

ካህናቱን ሁሉ አልወቅስም። አንድ ቄስ የገዛ ወንድማቸውን ልጅ ሰርግ ለማስቆም 2 ሰዓት በእግራቸው ሄደዋል፤ ከወንድማቸውም ተኳርፈዋል። ችግሩ እኔ ሁሉንም እንደ እሳቸው መቁጠሬ ነው።

የሥልጠናው ማኑዋል «ከሚያስማማችሁ ጀምሩ» ይላል። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ከማያስማማው ጀምሩ፣ አበሉ ሳይከፈል፣ ፊርማ ሳይጠየቅ። የተደፈረች ልጅስ? ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ «ሰርግ» ብቻ አትጻፉ፤ «አንድርም፣ አናስታርቅም፣ ለደፋሪ አንሰጥም» የሚል ይግባበት። ስብከቱን ከሰባኪው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ የማትስማሙበት ቃል ካለ ያን ቀን ሞንታርቦውን አትከራዩ። ልጅ ስትጎዳ ደግሞ ማንንም አታስፈቅዱ፤ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ።

ልጅቷ አሁን ባሕር ዳር አክስቷ ጋ ናት፣ ማታ ትማራለች። ወሬዋን የምሰማው ከአክስቷ ነው።

በማግሥቱ ዓመት አዲሱን ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። ከ23ቱ ካህናት 9 ፈረሙ። ኃላፊው ቁጥሩን አይቶ ተናደደ። መሪጌታው አልፈረሙም። ጥያቄያቸውን ግን ይዘን ከጠዋት እስከ ምሳ ተከራከርንበት፤ ሲወጡም በሚቀጥለው ስብሰባ እንድጠራቸው ነገሩኝ።