ከፈተና በኋላ የመጣ ገና

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ፤ በዓሉን ለማታከብሩ ወዳጆቼም ቀኑ የዕረፍትና የደስታ ይሁንላችሁ።

የዘንድሮውን ጾም ያሳለፍኩት አራት ኪሎ ካለው የሳይንስ ካምፓሳችን በ2014 ዓ.ም. ወደተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየተመላለስኩ ነው። የሪል አናሊሲስ (ሊሚትንና የፈንክሽኖችን ባሕርይ በጥብቅ ማረጋገጫ የሚያጠና የሒሳብ ትምህርት) ሚድ ፈተና ውጤት በበዓሉ ሰሞን ተለጥፎ ከፍተኛ ነጥብ ማግኘቴን ሳይ እጅግ ተደስቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግኩት ከውጤቱ ቀድሞ፣ እዚያው ፈተና ክፍል ውስጥ ያገኘሁትን ደስታ ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ እየተከታተሉ የሚመጡ ፈንክሽኖች (ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ውጤት የሚሰጡ ደንቦች) እያንዳንዳቸው ኮንቲኒዩስ፣ ማለትም ግራፋቸው የማይቆረጥ፣ ከሆኑ ሊሚታቸውም፣ ማለትም በመጨረሻ የሚጠጉት ፈንክሽን፣ የግድ ኮንቲኒዩስ ይሆናል ወይ የሚል ነበር። ላይ ላዩን ሲያዩት አዎ ያሰኛል፤ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1821 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲሁ ብሎ ነበር፤ ወጣቱ ኖርዌያዊ አቤል ግን በ1826 ይህ ሁልጊዜ እንደማይሠራ አመለከተ። ከዜሮ እስከ አንድ ያሉትን ቁጥሮች ደጋግመን በራሳቸው ስናባዛ፣ ከአንድ የሚያንሱት ሁሉ ወደ ዜሮ ሲወርዱ አንድ ብቻውን ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ ሊሚቱ መጨረሻው ላይ ይቆረጣል።

ጥያቄው ቀጥሎ ሊሚቱ የማይቆረጥበትን ሁኔታ አስቀምጡና አረጋግጡ ይላል። ሁኔታው ዩኒፎርም ኮንቨርጀንስ፣ ማለትም ፈንክሽኖቹ በሁሉም ነጥብ ላይ በአንድነት ወደ ሊሚቱ መጠጋታቸው፣ መሆኑን ጽፌ ኤፕሲሎንን (የሚፈቀደውን ትንሽ የልዩነት መጠን) ለሦስት ስከፍል፣ እያንዳንዱ ድርሻ ለምን እንዳስፈለገ ወለል ብሎ ታየኝ፤ አንዱ ከሊሚቱ ወደ ፈንክሽኑ ለመሻገር፣ ሁለተኛው በፈንክሽኑ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ለመሄድ፣ ሦስተኛው ወደ ሊሚቱ ለመመለስ። ቀጣዩን መስመር ከደብተሬ ማስታወስ አላስፈለገኝም፤ ያለፈው መስመር ራሱ ይጠራው ነበር። ሰዓቱንም፣ ከጎኔ የተቀመጠውንም ረሳሁ።

ከባድ ፈተና የሚያወጣ መምህር በተማሪ ዘንድ ብዙ ጊዜ ይታማል። እኔ ግን መምህራችንን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄው ቀላል ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ ምን ያህል እንደገባኝ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ፋይናሉ ከጥምቀት በኋላ ነው። በዚህ ምዕራፍ የተቸገራችሁ የዲፓርትመንቴ ልጆች፣ በዓሉን ከቤተሰብ ጋር ካከበራችሁ በኋላ አብርሆት ኑ፤ አብረን እንሠራዋለን። መልካም የገና በዓል!