የ«ስኖው ዋይት ኤንድ ዘ ሀንትስማን»ን ብሉሬይ እንዴት እንደገመገምኩ

ፊልም መገምገምና የፊልሙን ዲስክ (እዚህ ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዘውን ብሉሬይ) መገምገም አንድ አይደሉም። ሲኒማ ቤት የታየውን ሥራ ስንመዝን የምናየው ታሪኩን፣ ትወናውንና ዝግጅቱን ነው። ዲስኩ ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄው ይለወጣል፦ ያ ሥራ ሳይጎድልና ሳይበላሽ ቤታችን ገብቷል ወይ? ብዙ ግምገማዎች ሁለቱን ያደበላልቃሉ፤ ታሪኩ ያልጣመው ሰው ምስሉንም «ደብዛዛ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ለፈተና የመረጥኩት ሩፐርት ሳንደርስ ያዘጋጀውን፣ ዩኒቨርሳል እ.ኤ.አ. በ2012 ለሲኒማ ያበቃውን ይህን የተረት አክሽን ፊልም ነው። ነጭ ወተት፣ ጨለማ ጫካ፣ ቀልጦ የሚፈስ ወርቅና የቁራ መንጋ በአንድ ፊልም ውስጥ ማግኘት ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለሆነ ዲስኩን የሠራው ክፍል ምስሉን ነካክቶት ከሆነ ወዲያው ያስታውቃል። ስለ ታሪኩ ብዙ አልልም። የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባሳተሙት ተረት አዳኙ (ሀንትስማኑ) ስም እንኳ የለውም፤ ስኖው ዋይት የምትባለውን ልጅ እንዲገድል ይላካል፣ ያዝንላታል፣ በእሷ ምትክ የግልገል ከርከሮ ሳንባና ጉበት ለንግሥቲቱ ወስዶ ከታሪኩ ይወጣል። እዚህ ግን አዳኙን የሚጫወተው ክሪስ ሄምስዎርዝ መጥረቢያ ይዞ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ፊልሙን የተሸከመችው ንግሥት ራቬናን የምትጫወተው ሻርሊዝ ቴሮን ናት፤ እሷ ከሌለችበት ቦታ ሁሉ ይላላል።

ቴሌቪዥኑን ከማብራቴ በፊት የማጣራው እጄ ላይ ያለው የትኛው ቅጂ እንደሆነ ነው። የሲኒማው ቅጂ 127 ደቂቃ፣ የተራዘመው ደግሞ 132 ደቂቃ ይፈጃል። ለብሉሬይ ይህ በቂ መለያ ነው። ዲቪዲ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የአውሮፓ ዲቪዲዎች ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት የሚሠሩ ስለሆኑ በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸው ፊልም በሴኮንድ 25 ፍሬም ይጫወታል፤ ስለዚህ ፊልሙ 4 በመቶ ይፈጥናል። 127 ደቂቃው ወደ 122 ይወርዳል፤ 132ቱ ደግሞ ወደ 127 ገደማ። ልብ በሉ፤ የተራዘመው ቅጂ በፓል ዲቪዲ ሲጫወት ከሲኒማው ቅጂ እኩል ደቂቃ ያሳያል! ሽፋኑን ብቻ ያነበበ ሰው «የተራዘመ ብለው ሸወዱን» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ ግን ተሳስቷል። 122 ያየውም «ቆርጠውታል» ይላል፤ አልተቆረጠም። የድምፁ ከፍታ በልዩ መሣሪያ ካልተስተካከለ በቀር የጄምስ ኒውተን ሃዋርድ ሙዚቃም ከግማሽ ቶን ባነሰ መጠን ቀጥኖ ይሰማል።

ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ነው። የምስል ምርጫውን ከ«ዳይናሚክ» አውጥቼ «ሲኒማ» ወይም «ፊልም ሜከር» ላይ አደርገዋለሁ። የእንቅስቃሴ ማለስለሻውን አጠፋለሁ፤ እሱ ከበራ የጦር ሜዳው ትዕይንት የዜና ቀረጻ ይመስላል። ሻርፕነሱን (የጠርዝ ማጉያውን) ቴሌቪዥኑ በራሱ ምንም ጠርዝ የማይጨምርበት ቦታ ላይ አወርደዋለሁ፤ ብዙዎቹ ላይ ይህ ዜሮ ነው። ማጫወቻው ምስሉን በ1080 መስመር ጥራት፣ በሴኮንድ በ24 ፍሬም እንዲልክ አስተካክላለሁ። ባለ 55 ኢንች ስክሪን ከሆነ ከሁለት ሜትር ርቀት በላይ አልቀመጥም፤ ሦስት ሜትር ወደኋላ ተቀምጦ ስለ ጥራት መፍረድ አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ በሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ገመድ በሚላከው የብርሃን መጠን ላይ ነው። ከ0 እስከ 255 በሚሄደው የብርሃን መለኪያ የቪዲዮ ጥቁር በቁጥር 16፣ ነጩ 235 ነው። ማጫወቻው በዚህ ልኮ ቴሌቪዥኑ ከ0 እስከ 255 ከጠበቀ ጥቁሩ አመድማ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ 16 ሲጠብቅ ማጫወቻው ከ0 ጀምሮ ከላከ ደግሞ ከ16 በታች የገባው ዝርዝር ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ጫካው ድፍን ጨለማ ይሆንና ጥፋቱ ዲስኩ ላይ ይለጠፋል። ከማንኛውም ፍርድ በፊት የሙከራ ምስል ከፍቼ 16 ቁጥሩ ከጥቁሩ ጋር መዋሃዱን፣ ከ17 በላይ ያሉት መስመሮች ደግሞ በጭላንጭል መለየታቸውን አያለሁ።

ከዚያ ትዕይንቶቹ። ሙሉውን አንድ ጊዜ ሳላቋርጥ ካየሁ በኋላ ወደ ተመረጡት እመለሳለሁ።

ራቬና ወተት ገንዳ ውስጥ ጠልቃ ስትወጣ ፊቷን የሸፈነው ነጭ መፈተኛ ነው። ጥሩ ዲስክ ላይ ወተቱ ከግንባሯ ወደ አገጯ ሲወርድ እጥፋቱና ወፍራም ቀጭኑ ይለያል። ነጩ ከልክ አልፎ ዝርዝሩ ከጠፋ ፊቷ ወረቀት የተለጠፈበት ይመስላል። እኔ ያየሁት ዲስክ ላይ እጥፋቱ ሁሉ አለ። መስተዋቱ ሌላ ፈተና ነው፤ ወርቁ ቀልጦ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ይፈስና የተከናነበ ሰው ሆኖ ይቆማል። እዚህ የምፈልገው የቀለም ደረጃ ነው፤ ከደማቅ ወርቅ ወደ ቡናማ ጥላ የሚደረገው ሽግግር እንደ መሰላል ተቆራርጦ ከታየ ፊልሙ ዲስኩ ላይ እንዲገባ የሚደረግለት መጭመቅ በዝቷል ማለት ነው።

ጨለማው ጫካ ውስጥ ዓይኔ የሚያርፈው ጭጋጉ ላይ ነው። ጭጋግና ጭስ በየፍሬሙ ስለሚለዋወጡ ለመጭመቅ አስቸጋሪ ናቸው፤ ቦታ የጠበበው ዲስክ መጀመሪያ የሚሸነፈው እዚያ ነው። ሒሳቡ ይህ ነው፦ 132 ደቂቃ በሴኮንድ 30 ሜጋቢት ቢመደብለት ምስሉ ብቻ ወደ 30 ጊጋባይት ይደርሳል። ባለ አንድ ንብርብር ብሉሬይ 25 ጊጋባይት ብቻ ስለሚይዝ እንዲህ ያለ ፊልም 50 ጊጋባይት የሚይዘውን ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ ይፈልጋል። ትክክለኛውን መጠን በኮምፒውተር ዲስኩን ከፍቶ ቢዲኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ማየት ይቻላል፤ ግን ቁጥሩ ዓይንን አይተካም።

የፊልም ቅንጣት፣ ያ በምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ደቃቅ ነገር፣ እንደ እንከን የሚቆጥሩት አሉ። አይደለም፤ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ቆዳ ነው። በዲጂታል የምስል ማጽጃ ከተጠረገ አብሮት የጨርቅ ሸካራነትና የቆዳ ቀዳዳ ይሄዳል፣ ፊት ሁሉ ሰም ይሆናል። የኮሊን አትውድ አልባሳት ለኦስካር የታጩት በከንቱ አይደለም፤ የራቬና ልብስ ላይ ያለው ጥልፍ በእያንዳንዱ ክር ከታየ ዲስኩ አልተጠረገም። እዚህ ይታያል። ይህን ስታዩ ግን ምስሉን አታቁሙ፤ የቆመ ፍሬም ላይ ቅንጣቱ ቆሻሻ ይመስላል።

ድንክዬዎቹ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቦብ ሆስኪንስ፣ ኢያን ማክሼን፣ ሬይ ዊንስተን፣ ኒክ ፍሮስትና ሌሎቹ መደበኛ ቁመት ያላቸው ተዋንያን ናቸው፤ ያሳጠራቸው ቴክኒክ ነው። ምስሉ በጠራ ቁጥር አንዳንድ ቦታ አንገትና ትከሻ የተጋጠመበት መስመር ይጠረጠራል። ይህ የፊልሙ እንጂ የዲስኩ ጥፋት አይደለም። መለያው ቀላል ነው፤ የመጭመቅ ጥፋት በአራት ማዕዘን ጡቦች መልክ ይመጣል፣ ነገሩ ሲንቀሳቀስም ይፈርሳል፣ ይቀያየራል። ተዋንያኑን ያሳጠረው የምስል ቅንብር ጥፋት ግን ከተዋናዩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ድምፁን ስፈትሽ መጀመሪያ የማጠፋው የማታ ድምፅ ማመጣጠኛውን ነው። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጎረቤት እንዳይነቃ የሚረዳ ነገር ቢሆንም ሹክሹክታውን ከፍ፣ ፍንዳታውን ዝቅ ስለሚያደርግ ግምገማውን ያበላሻል። የድምፁን መጠን በአንድ የንግግር ትዕይንት ላይ እወስንና እስከ መጨረሻው ሪሞቱን አልነካም። ቴሮን ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት ትዘላለች፤ ሁለቱም ያለ ሪሞት ከተሰሙ የንግግሩ ሚዛን ደህና ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው ጦርነት፣ በአስማት የተፈጠሩት ወታደሮች እንደ መስተዋት ሲሰባበሩ፣ የጎንና የኋላ ስፒከሮች ፈተና ነው፤ ስብርባሪው ከፊት ጀምሮ ጆሯችሁን አልፎ መሄድ አለበት። ድልድዩ ላይ ያለው ትሮል ሲያጓራ ሰብዋፈሩ (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩ) ወለሉን ካላንቀጠቀጠ መጀመሪያ ማጫወቻው የዲስኩን ባለ ብዙ ቻናል ድምፅ፣ ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮውን፣ በቀጥታ መላኩን አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ቻናል ጨምቆት ትገኛላችሁ።

የተራዘመው ቅጂ ምን ጨመረ ለሚለው ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ማየት አያስፈልግም። የየምዕራፉን መነሻ ሰዓት በሁለቱም ቅጂ ጽፌ ልዩነቱን እቀንሳለሁ፤ ልዩነቱ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ካደገ ጭማሪው በመካከላቸው ነው። ፍለጋው ወደ ጥቂት ደቂቃ ይጠባል። በእኔ ሚዛን አምስቱ ደቂቃዎች ትንሽ እስትንፋስ ይሰጣሉ እንጂ የላላውን ታሪክ አያጠብቁትም። ከተጨማሪዎቹ የዳይሬክተሩ ሐተታ ይበልጥብኛል፤ ስለ ምስል ቅንብር የሚወራው ቁም ነገር አለው። የቀሩት አጫጭር ቪዲዮዎች ማስታወቂያ ማስታወቂያ ይሸታሉ።

ስጽፍ ነጥቡን እከፍላለሁ፤ ለፊልሙ ከአምስት ሁለት ተኩል፣ ለምስሉ አራት ተኩል፣ ለድምፁም አራት ተኩል፣ ለተጨማሪዎቹ ሦስት። አማካይ አላወጣም፤ ፊልሙን ቀድሞ ለሚወድ ሰው የመጀመሪያው ቁጥር ምኑም አይደለም። ያየሁበትን የስክሪን መጠንና የስፒከር ብዛትም እጽፋለሁ።

ዲስኩን ከውጭ ለሚልክላችሁ ዘመድ ስትደውሉ የክልሉን (የሪጅኑን) ምልክት፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚጫወት የሚያሳየውን፣ ጠይቁ። በዲቪዲ አሜሪካ 1፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። በብሉሬይ ግን አሜሪካ «ኤ» ስትሆን ኢትዮጵያ፣ እስራኤል፣ አውሮፓና ባሕረ ሰላጤው ሁሉም «ቢ» ናቸው፤ ከዱባይ የተገዛ ማጫወቻ ላይ ከዋሽንግተን የመጣ ባለ «ኤ» ዲስክ አይጫወትም። ሦስቱም ፊደላት («ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ») ጀርባው ላይ ካሉ የትም ይሠራል። ከብሉሬይ የላቀ ጥራት ያለው የ4ኬ ዲስክ የክልል ገደብ የለውም፤ አብሮት በአንድ ማቀፊያ የሚሸጠው ብሉሬይ ግን ሊኖረው ስለሚችል እሱንም ለይታችሁ አስነብቡ።