ቲኬቱን ከፍዬ ተገላገልኩ ብዬ ነበር

ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፣ ሥራዬ በመኪናዬ ሰው ማመላለስ ነው። ሪችመንድ ድረስ ሰው አድርሼ ባዶዬን ወደ አሌክሳንድሪያ እየተመለስኩ ነው። ልጄ አሟት ስለነበር ቶሎ ቤት መግባት ፈልጌያለሁ። አውራ ጎዳናው፣ ኢንተርስቴት 95፣ ጭር ብሏል። ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ስደርስ ከኋላዬ ሰማያዊ መብራት በራ።

ፖሊሱ ጨዋ ሰው ነው። «በስንት እየነዳህ እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ። «በሰዓት 82፣ 83 ማይል ቢሆን ነው» አልኩት። ማስታወሻው ላይ ጻፋት። እሱ ራዳር ላይ ያየው 87 ነበር። የመንገዱ ወሰን ደግሞ 65 ነው። ወረቀቱን ሰጥቶኝ «እዚህ ላይ ፈርም፣ መፈረምህ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም፣ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ ማለት ነው» አለኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ። መኪና ውስጥ መብራት አብርቼ ሳነበው «ሬክለስ ድራይቪንግ» ይላል፣ በግዴለሽነት ማሽከርከር ማለት ነው።

ያኔ ቃሉ ብዙም አላስደነገጠኝም። ፍጥነት ነው፣ ከፍዬ እገላገላለሁ ብዬ ነው ቤቴ የገባሁት።

ይህ «ከፍሎ መገላገል» የሚባለው ነገር ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ልማድ ነው። አዲስ አበባ ስነዳ ትራፊክ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ የክስ ወረቀት ይሰጠኝ ነበር። ቅጣቱን ከፍዬ መንጃ ፈቃዴን እወስዳለሁ፣ አለቀ። ቨርጂኒያ ከገባሁ በኋላም ያው ነኝ። ከዚህኛው በፊት በነበሩት ስምንት ወራት ውስጥ ሁለት ቲኬት አግኝቼ ነበር። አንዱ ከወሰኑ 12 ማይል በላይ፣ ሌላው 9 ማይል በላይ። ሁለቱንም በስልኬ ከፈልኳቸው። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

በማግስቱ ናሽናል ኤርፖርት አካባቢ ሰው ስጠብቅ አንድ ጋሼ የምንላቸውን አንጋፋ የታክሲ ሹፌር አገኘሁ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄኮ ቲኬት አይደለም፣ የወንጀል ክስ ነው» አሉኝ። «በፊት የነበሩትንስ ምን አደረግካቸው?»

«ከፍያለሁ ጋሼ።»

«ከፈልክ ማለት አመንክ ማለት ነው። ማን ክፈል አለህ?»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ማመኔን አላውቅም ነበር። ቅጣትን ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ አስቀድሞ መክፈል በቨርጂኒያ ሕግ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ እንደመፈረም ይቆጠራል። ፍርድ ቤቱ ያንን ተቀብሎ መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ለዲኤምቪ፣ ይልካል፣ ዲኤምቪ ፖይንት የሚባለውን የጥፋት ነጥብ ይይዝብሃል፣ ኢንሹራንስህም ያየዋል። ያ የአምስት ደቂቃ ክፍያ ኢንሹራንሴን በወር 38 ዶላር አስጨምሮብኝ ነበር። ዋጋ ተወደደ ብዬ ነው ያለፍኩት እንጂ ከቲኬቱ ጋር አላገናኘሁትም። ለሦስት ዓመት ቢሰላ ከ1,300 ዶላር በላይ ነው። ቅጣቶቹ ተደምረው የዚያን ሩብ አይሆኑም።

ሬክለስ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከወሰኑ 20 ማይልና ከዚያ በላይ ከሄድክ ሬክለስ ነው። ወሰኑ ምንም ቢሆን ከ85 በላይ ከነዳህም ሬክለስ ነው። እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ ይህ ቁጥር 80 ነበር። ፍሬድሪክስበርግን አልፈህ ወደ ደቡብ ስትወርድ ወሰኑ 70 የሆነበት መንገድ አለ። እዚያ 86 ብትነዳ ከወሰኑ 16 ብቻ ነው ያለፍከው፣ ግን ወንጀል ነው። ደረጃው ክላስ 1 ሚስዲሚነር ይባላል፣ ከቀላል ወንጀሎች ከፍተኛው ማለት ነው። ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ነው። ዳኛው መንጃ ፈቃድህን እስከ ስድስት ወር ሊያግድ ይችላል። ስድስት ፖይንት ይያዝብሃል፣ መዝገብህ ላይ ደግሞ 11 ዓመት ይቆያል። ዜግነት ስታመለክትም መጻፍ ያለብህ ነገር ነው። እኔ ግሪን ካርድ ላይ ነበርኩ፣ ለማመልከት አንድ ዓመት ቀርቶኛል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። ያ ዝምታ ከሁሉም በላይ ከብዶኝ ነበር።

የፖይንቱን ሂሳብ አንድ በአንድ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ከወሰን እስከ 9 ማይል ማለፍ ሦስት ፖይንት ነው። ከ10 እስከ 19 አራት። ከዚያ በላይ ስድስት። በከፈልኳቸው ሁለቱ ሰባት ፖይንት ተይዞብኛል። ስድስቱ ሲጨመር 13። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 12 ከሞላህ ዲኤምቪ የማሽከርከር ማሻሻያ ትምህርት ክፍል ግባ ብሎ በደብዳቤ ያዝሃል፣ 90 ቀን ይሰጥሃል። 18 ከሞላህ መንጃ ፈቃድህ ለ90 ቀን ይታገዳል፣ ክፍሉም አይቀርልህም። ስለዚህ 13 ላይ ሆኜ አንዲት ባለስድስት ፖይንት ጥፋት ብጨምር እንጀራዬ ሊቆም ነው ማለት ነው። ሰው የማመላልስበት ድርጅትም የሹፌሮቹን መዝገብ በየጊዜው ያያል። ሬክለስ ካገኘብህ አካውንትህን ይዘጋዋል።

ያንን ደብዳቤ ነገር ሳነሳ አንድ ጓደኛዬ ትዝ ይለኛል። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ውድብሪጅ ቤት ቀይሮ አድራሻውን ዲኤምቪ ላይ አልቀየረም። ሕጉ 30 ቀን ነው የሚሰጠው። ክፍል ግባ የሚለው ደብዳቤ ለድሮው ቤት ሄደ። 90 ቀኑ አለፈ። መንጃ ፈቃዱ ታገደ፣ እሱ ግን አላወቀም። ለሌላ ነገር ሲያስቆሙት ነው የተነገረው። የታገደ መንጃ ፈቃድ ይዞ መንዳት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በስምንት ሰዓት ክፍል ሊያልቅ የሚችል ነገር ወራት ፈጀበት። ዲኤምቪ ሄዶ ለማስመለስ የሚጎድለውን ሁሉ የሚዘረዝር ወረቀት ጠየቀ፣ ያን ይዞ ነው አንድ በአንድ የጨረሰው። መታገዱን ያወቀ ሰው መጀመሪያ መያዝ ያለበት ያንን ዝርዝር ነው። ሌላ ሰው የሚነግረው ሁሉ ግምት ነው።

ገንዘብ ባለመክፈል ብቻ መንጃ ፈቃድ ማገድ በቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በሕግ ቀርቷል። ከዚያ በፊት በዚህ ምክንያት ስንት ወገን ሥራ አጥቷል። ዕዳው ግን አይጠፋም፣ ወደ ሰብሳቢ ይሄዳል።

ወደ እኔ ልመለስ። የፍርድ ቤት ቀኑ ሰባት ሳምንት ይቀረው ነበር። መጀመሪያ ያደረግኩት የማሽከርከር መዝገቤን ከዲኤምቪ ማውጣት ነው። ራሴን በወረቀት ላይ አየሁት።

ቀጥሎ ማንም ሳያዘኝ ያንን የስምንት ሰዓት ክፍል ተመዘገብኩ። በፈቃድህ ከገባህ አምስት የመልካም ማሽከርከር ፖይንት ይሰጡሃል። በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚቻለው። ቲኬቱን ከመዝገብህ አይሰርዘውም፣ ግን ፖይንቱን ያካክስልሃል። ለዳኛውም ነገሩን ከልብ እንደያዝከው ያሳያል። ኢንተርኔት ላይም መውሰድ ይቻላል። እኔ ግን ቅዳሜ ሙሉ ቀን ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ደግሞም ደስ ይለኛል። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ የጻፋትን ሂሳብ እስካሁን አልረሳኋትም። በ65 ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 29 ሜትር ትሄዳለህ። በ87 ደግሞ 39 ሜትር። የሰው እግር ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ፣ ገና ፍሬን ሳትነካ 58 ሜትር ሄደሃል። ከነካህ በኋላ ደግሞ መኪናው የሚቆምበት ርቀት በ65 ከሚፈልገው ወደ 80 በመቶ ይጨምራል። ከሪችመንድ አሌክሳንድሪያ መቶ ማይል ነው እንበል። በ87 ሄጄ የማተርፈው 23 ደቂቃ ነው። ልጄን 23 ደቂቃ ቀድሜ ለማየት ብዬ ምን ላይ ልጥላት እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

ሦስተኛው ነገር የፍጥነት መቁጠሪያው ነው። እኔ ቦርዱ ላይ ያየሁት 82፣ 83 ነበር፣ ራዳሩ ግን 87 ይላል። ጋሼ «ጎማ ቀይረሃል?» አሉኝ። ቀይሬያለሁ። ያገለገለ ጎማ በርካሽ ገዝቼ ነበር፣ መጠኑም ከመኪናው ትክክለኛ ጎማ ተለቅ ይላል። ጎማ ሲተልቅ መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል። ይህን የሚለካ ጋራዥ ወስጄ አስለካሁት፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ይህ ወረቀት በማስረጃነት ይቀርባል። ጥፋቱን አያጠፋውም። ጎማው የእኔ ነው፣ 83ም ቢሆን ከወሰን በላይ ነው። ግን እያወቅኩ 20 እንዳላለፍኩ ይናገርልኛል።

ጠበቃ ላይ ብዙ አመነታሁ። ሦስት ጠየቅኩ። አንዱ ገና ወረቀቱን ሳያይ «አሰርዝልሃለሁ» አለኝ፣ እሱን ተውኩት። የያዝኩት መዝገቤን አምጣ፣ ክፍሉን ጨርስ፣ መኪናህን አስለካ ያለኝን ነው፣ ሁለቱን ቀድሜ ጨርሼ ነበር። 750 ዶላር አስከፈለኝ። ለተራ ቲኬት ጠበቃ ያዙ አልልም፣ ብዙውን በራስ መወጣት ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ሚስዲሚነር ካለ ግን በጠበቃ ላይ አትቆጥቡ። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ጸሐፊዎቹ ጋ ደውሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ፣ ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ ያቀርባል። የሰፈር ልጅ ይዞ መሄድ ዋጋ ያስከፍላል።

ቀኑ ደረሰ። አርባ ደቂቃ ቀድሜ ሄድኩ፣ ጥሩ አደረግኩ። በር ላይ ስልክ አይገባም ተባልኩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ናቸው። ወረቀቶቼን ሁሉ አትሜ ይዤ ነበር፣ ስልኬን መኪና ውስጥ አስቀምጬ ተመለስኩ። ከፊቴ የነበረው ልጅ የኢንሹራንሱ ማስረጃ ስልኩ ውስጥ ነው፣ ሲከራከር አየሁት፣ አንጀቴን በላው።

ውስጥ ሰው ሞልቷል። ስም ሲጠራ በአባት ስም ነው የሚጠሩት፣ ያውም በእነሱ አነባበብ። የእኔን አባት ስም ሦስት ጊዜ ጠርተውት ነው የገባኝ። የእኛ ሰዎች እዚያው ተቀምጠው አልቀረበም የሚባሉት በዚህ ነው። ተራችሁ ከመድረሱ በፊት በር ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አይታችሁ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ እወቁ።

ጠበቃዬ ከፖሊሱ ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ ነበር። ፖሊሱ ለዳኛው «ትሁት ነበር፣ ስጠይቀው እውነቱን ነግሮኛል» አለ። ያቺ 83 ያልኳት ማስታወሻው ላይ ነበረች። ከጋራዡ ወረቀት ጋር ገጠመች። ጠበቃዬ በኋላ እንደነገረኝ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ሰውን ይጎዳል፣ ያመንከውን ቁጥር መልሰው በራስህ ላይ ያነቡታል። ለእኔ ስለቀናኝ ለሌላው አልመክርም። ስምና ወረቀት ሰጥቶ በጨዋነት ዝም ማለት ይበቃል።

ዳኛዋ የክፍሉን ሰርተፊኬት አገላበጠች። መዝገቤን አየች። «በስምንት ወር ሁለት» አለችኝ ቀና ብላ። «አዎ ክብርት ዳኛ፣ ከዚያ በኋላ ግን የለም» አልኩ። ክሱን ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ (ተገቢ ያልሆነ ማሽከርከር) ወደሚባለው ዝቅ አደረገችው። ይህ ወንጀል አይደለም። ሦስት ፖይንት ነው፣ መዝገብ ላይ የሚቆየውም 11 ሳይሆን ሦስት ዓመት ነው። ቅጣት 250 ዶላርና የፍርድ ቤት ወጪ። መንጃ ፈቃዴ አልታገደም። ብትፈርድብኝ ኖሮ በአሥር ቀን ውስጥ ከፍ ወዳለው ፍርድ ቤት፣ ወደ ሰርኪዩት ኮርት፣ ይግባኝ ብዬ ጉዳዩ ከባዶ እንዲታይ ማድረግ እችል ነበር። ይህንን መብት ብዙ ሰው ሳያውቀው አሥሩ ቀን ያልፍበታል።

ከፍርድ ቤት ስወጣ መጀመሪያ የደወልኩት ለባለቤቴ ነው። ቀጥሎ ለጋሼ። «ጎማውንስ?» አሉኝ ከሰላምታው በፊት። በዚያው ሳምንት ቀየርኩት።

አንዳንድ ልጆች ራዳር የሚጠቁም መሣሪያ ግዛ ይሉኝ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ እሱን መጠቀም ራሱ ክልክል ነው፣ ለብቻው ያስቀጣል።

ፖይንት የሚነሳው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። የመጀመሪያዋ አራት በማርች ትነሳለች፣ ሦስቷ በጁላይ። ሁለቱንም ቀን ኩሽና ያለው ካላንደር ላይ ባለቤቴ በቀይ ከባቸዋለች። ልጄ ልደት መስሏት ኬክ አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች።